የድሮ ሳውንድ ካርድ የምንሰበስበው ስለ ምን ይሆን? ትዝታው የዕቃው ነው ወይስ የድምፁ?

ከጦሳ ግርጌ (ደሴ) ጠየቁ፦

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ ወገኖች።

ከአንድ ወር በፊት ሰኞ ገበያ አጠገብ በአንድ ቆራሌ ክምር ውስጥ፣ ከተሰባበሩ ሬዲዮኖችና ከተቃጠሉ የምጣድ ሽቦዎች መካከል፣ ረዘም ያለ የኮምፒዩተር ካርድ አየሁና መዝዤ አወጣሁት። ከኋላው ባለው ብረት ላይ ሦስት የጃክ ቀዳዳዎች፣ በጣት የምትሽከረከር ትንሽ የድምፅ መቆጣጠሪያ ጎማ፣ ከእነሱ ቀጥሎም ባለ 15 ቀዳዳ የጆይስቲክ ማስገቢያ አለው። አቧራውን በመዳፌ ስጠርገው ሳውንድ ብላስተር 16 የሚለው የሳውንድ ካርድ (ኮምፒዩተር ድምፅ የሚያወጣበት ካርድ) ስም፣ ከመካከሉም የያማሃ ምልክትና 262 የሚል ቁጥር ያለበት ቺፕ ብቅ አለ። ቆራሌው በኪሎ መዝኖ ሰጠኝ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ሌሎች ካርዶች ፈልጌ ስላገኘሁ፣ ሳላስበው ሰብሳቢ ሆኛለሁ ማለት ነው።

በ1991 ዓ.ም. ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ ማሠልጠኛ የኮምፒዩተር ትምህርት እከታተል ነበር። የተማሪዎቹ ኮምፒዩተሮች ሁሉ፣ ስህተት ስንሠራ ጢጥ ከማለት በቀር ድምፅ አልነበራቸውም። ሳውንድ ካርድ የነበረው የአስተማሪያችን ኮምፒዩተር ብቻ ሲሆን፣ እሳቸውም ጽሑፍ መተየቡን በአግባቡ ከጨረስን በመጨረሻዎቹ አምስት ደቂቃዎች ከዊንዶውስ ጋር የመጣ አጭር የሚዲ ሙዚቃ (ኮምፒዩተሩ ከተጻፈ የቃና ትዕዛዝ የሚያጫውተው) ይከፍቱልን ነበር። ክረምት ነበርና ጭጋጉ ከጦሳ ወርዶ መስኮቱን ሲሸፍነው፣ እኛ በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ በወንበራቸው ዙሪያ ቆመን እንሰማለን። ጥሩምባው በጣሳ ውስጥ የታሰረ ንብ ይመስላል፤ ደወሉ ግን ጥርት ያለ፣ አንጀት የሚበላ ነበር።

የገረመኝ ነገር ይህ ነው። በሌላው ዓለም ያሉ ሰብሳቢዎች የሚናፍቁት በልጅነታቸው ቤታቸው ውስጥ የተጫወቱትን ጌም እንደሆነ ሲናገሩ እሰማለሁ። እኔ ግን በዚያ ዘመን ኮምፒዩተር አልነበረኝም፤ ድምፁንም የሰማሁት ለጥቂት ወራት፣ ያውም በሳምንት ለጥቂት ደቂቃዎች ነው። ታዲያ ዛሬ ያንን ድምፅ ስሰማ እንደ አገር ቤት ዘፈን ልቤን የሚያባባው ለምንድን ነው? ባለቤቴ "ይህን ብረት ምን ልታደርገው ነው?" ብላ ስትጠይቀኝ በቅጡ መመለስ አልቻልኩም።

ሁለተኛው ጥያቄዬ የሙያ ነው። ካርዱን በአንድ አሮጌ ፔንቲየም ኮምፒዩተር ላይ ሰክቼው የግራው ድምጽ ማጉያ ያጉረመርማል፤ የቀኙ ጭራሹን ዝም ብሏል። መጠገኑ ይበጃል ወይስ በዛሬ ኮምፒዩተር ላይ በሶፍትዌር አስመስሎ መስማት ይበቃል?


የቦርከና ሰው (ኮምቦልቻ) መለሱ፦

ወንድሜ፣ አብሽሩ፤ ካርድዎ አልሞተም። የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ከጀመርኩ ከ25 ዓመት በላይ ሆኖኛልና ከሙያው ልጀምር።

በመጀመሪያ ካርዱን ነቅለው ጥርሶቹን (ኮምፒዩተሩ ውስጥ የሚሰካውን ጫፉን) በለስላሳ ላጲስ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይጥረጓቸው፤ ቀጥሎ በንጹሕ አልኮል በተነከረ ጨርቅ ፍርፋሪውን ያንሡ። የደሴ እርጥበት ለብረት አይመችም። ከዚያ ያችን ትንሽ ጎማ፣ ኮምፒዩተሩ እንደጠፋ፣ ከዳር እስከ ዳር ሠላሳና አርባ ጊዜ ያሽከርክሯት። ውስጧ ያለው የካርቦን መሄጃ ሳይነካ ዘመን ሲቆይበት ስለሚቆሽሽ፣ አንዱ ወገን ዝም የሚለው ብዙ ጊዜ በእሷ ምክንያት ነው። ይህ ካልፈታው ወደ ጃኮቹ የሚጠጉትን ትንንሽ ክብ ካፓሲተሮች ይመልከቱ። ውስጣቸው ያለው ፈሳሽ በዕድሜ ይደርቃል ወይም ይፈስሳል፤ ሥራቸው ድምፁን ወደ ውጭ ማሳለፍ ስለሆነ ሲደክሙ ድምፁ ይሳሳል፣ ወይም ከነጭራሹ ይቀራል። ሲቀይሩ የተጻፈባቸውን መጠን ይጠብቁ፤ ቮልቱ እኩል ወይም ከፍ ያለ ይሁን፤ የመደመርና የመቀነስ አቅጣጫቸውን ከመንቀልዎ በፊት ፎቶ ያንሡ። መበየጃውን አንድ ቦታ ላይ ብዙ አያቆዩ፤ የዚያ ዘመን ቦርድ የመዳብ መስመሩ ሲግል ይላቀቃል፤ መስመር የተላቀቀበትን ካርድ ማዳን ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።

ስለሚያጉረመርመው ካርዱን ከመክሰስዎ በፊት የኮምፒዩተሩን ፓወር ሰፕላይ ይጠርጥሩ። የካርዱ ማጉያ ኃይሉን የሚወስደው ከ12 ቮልቱ መስመር ስለሆነ፣ የፓወር ሰፕላዩ ካፓሲተሮች ከደከሙ ጉርምርምታው በቀጥታ ወደ ድምጽ ማጉያው ይገባል። በእኛ አገር የመብራት መዋዠቅ ያለ ስታቢላይዘር አሮጌ ዕቃ መሰካት ራሱ አይመከርም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ ልምጣ። በእ.ኤ.አ. 1981 የወጣው የአይቢኤም ኮምፒዩተር የነበረው እርስዎ ጢጥ ያሉት ድምጽ ማጉያ ነው፤ በአንድ ጊዜ ከአንድ ቃና በላይ ማውጣት አይችልም። በ1987 ካናዳ ኩቤክ ውስጥ የሚገኝ አድሊብ የተባለ ኩባንያ የያማሃን ቺፕ በካርድ ላይ አድርጎ በአንድ ጊዜ 9 ድምፅ እንዲሰማ አደረገ። በ1989 የሲንጋፖሩ ክሪየቲቭ ያንኑ ቺፕ ወስዶ የተቀዳ ድምፅ ማጫወቻና የጆይስቲክ ማስገቢያ ጨመረበትና ሳውንድ ብላስተር አለው። ገዢው በአንድ ካርድ ሦስት ነገር አገኘ፤ አድሊብ በ1992 ከሰረ። በዚያው ዓመት የእርስዎ ካርድ ዓይነት ወጣ፤ በሴኮንድ 44,100 ጊዜ እየለካ በ16 ቢት የሚሠራ፣ እንደ ሲዲ ማለት ነው። ኢንቴል በ1997 ድምፅን ከማዘርቦርድ (ከኮምፒዩተሩ ዋና ሰሌዳ) ጋር የሚያዋሕድ ደንብ ካወጣ በኋላ ግን ካርዱ ቀስ በቀስ ትርፍ ዕቃ ሆነ፤ እንዲህ ነው ቆራሌው እጅ የገባው።

እኔን እንድሰበስብ ያደረገኝ ግን ታሪኩ ብቻ አይደለም። የሚዲ ፋይል በውስጡ ድምፅ የለውም፤ የትኛው ቃና፣ በምን መሣሪያ፣ መቼ ተነሥቶ መቼ እንደሚቆም ብቻ ተጽፎበታል። እኔ ያደግሁት ቦሩ ሜዳ፣ ከደብር አጠገብ ነው። ድጓው ላይ ከፊደሉ በላይ የተጻፉት ድፋት፣ ጭረት፣ ርክርክ ዜማውን ያመለክታሉ እንጂ አይዘምሩም፤ የሚዘምረው መሪጌታው ነው፤ ሁለት መሪጌቶች ያንኑ ምልክት አይተው ሲያዜሙ ዜማው አንድ፣ ድምፁ ሁለት ነው። ሳውንድ ካርድም እንደዚሁ ነው። ያንኑ ፋይል በእርስዎ ካርድ፣ በ1992 በወጣው ቀዩ ግራቪስ አልትራሳውንድ፣ ወይም በ1994 በወጣው ሳውንድ ብላስተር ኤደብሊውኢ 32 ላይ ቢያጫውቱት ሦስት የተለያዩ ድምፆችን ይሰማሉ፤ የኋለኞቹ ሁለቱ የተቀዱ እውነተኛ መሣሪያዎችን ከማህደረ ትውስታቸው እያወጡ ስለሚያሰሙ ነው። የዛሬ ኮምፒዩተሮች ግን የሚዲ ፋይልን ብዙውን ጊዜ የሚያጫውቱት በሶፍትዌር ነው። አንድ ካርድ ሲጣል አንድ ድምፅ አብሮት ይጣላል።

በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ ቤተሰቤን ይዤ ወጥቼ ስመለስ የሥራ ቤቴ ባዶ ነበር። ላፕቶፖቹ፣ መለኪያዎቹ፣ የደንበኞች ዕቃ ሁሉ ሄዷል። አንድ የወተት ዱቄት ካርቶን ግን ማዕዘን ላይ ተገልብጦ፣ በውስጡ የነበሩት አሥራ አንድ የድሮ ካርዶች ወለሉ ላይ ተበትነው አገኘኋቸው፤ ማንም አልፈለጋቸውም። እየለቀምኩ በሸሚዜ ጫፍ ስጠርጋቸው አለቀስኩ። የሥራ ቤቱን እንደገና ስከፍት መጀመሪያ የሰቀልኩት መደርደሪያ የእነሱ ነው።


የኦርጋን ልጅ (ወልዲያ) መለሱ፦

የተከበሩ ጠያቂ፣ የቦርከናው ወንድማችን የተናገሩትን ሳነብ ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ እግዚአብሔር ያጽናዎት።

እኔ ኮምፒዩተር ጥገና አላውቅም። ለአሥራ ስምንት ዓመታት በሰርግ ላይ ኦርጋን ስጫወት የኖርኩ ሴት ነኝ፤ አሁን ልጆች አስተምራለሁ። ስለዚህ "ለምን ያባባኛል?" ለሚለው ጥያቄዎ በጆሮ በኩል ያለ መልስ አለኝ።

በካርድዎ ላይ ያለው ያማሃ ቺፕ ድምፅ የሚፈጥረው አንዱን ሞገድ በሌላ ሞገድ እያንቀጠቀጠ ነው። ይህን ያገኙት በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ጆን ቻውኒንግ ናቸው፤ በእ.ኤ.አ. 1967 የድምፅን መርገብገብ ሲሞክሩ፣ መርገብገቡን እያፈጠኑ ሲሄዱ ከአንድ ደረጃ በኋላ ጆሮ መርገብገቡን መስማት ትቶ በምትኩ አዲስ የድምፅ ቀለም እንደሚሰማ አስተዋሉ። ዩኒቨርሲቲው ፈቃዱን ለያማሃ ሰጠ፤ ያማሃም በ1983 ዲኤክስ 7 የተባለውን ኪቦርድ አወጣ። ዲኤክስ 7 ለአንድ ድምፅ ስድስት ሞገድ ያቀናጃል፤ የአድሊቡና የመጀመሪያው ሳውንድ ብላስተር ቺፕ ሁለት ብቻ። ታናሽና ታላቅ ናቸው እንጂ የአንድ አባት ልጆች ናቸው።

እንግዲህ ያስታውሱ። በእኛ አቆጣጠር በ1980ዎቹ ከየሻይ ቤቱ፣ ከየአውቶቡሱ፣ ከየሙዚቃ ቤቱ በር ላይ ይሰማ የነበረው ካሴት ምን ዓይነት ነበር? ሙሉ ባንዱ ቀርቶ አንድ ሰው በኦርጋን ከበሮውንም፣ ቤዙንም፣ ጥሩምባውንም የሚያወጣበት ዘመን ነበር። ያ እንደ ብርጭቆ የሚጠራው ደወል፣ ያ እንደ ንብ የሚያስገመግመው ጥሩምባ ከዚያው ቤተሰብ የወጣ ነው። እርስዎ በዚያች ክፍል ቆመው ሲሰሙ ጆሮዎ ድምፁን ቀድሞ ያውቀዋል፤ በእህትዎ ሰርግ፣ ወይም ወደ ኮምቦልቻ ሲወርዱ በአውቶቡስ ውስጥ ሰምቶታል። ለዚህ ነው የአምስት ደቂቃው ሙዚቃ እንደ አገር ቤት ዘፈን የሆነብዎ። ለባለቤትዎ ይህን ይንገሯቸው፤ ካሴቶቹን እሳቸውም አይረሱምና።

ደግሞም እኛ ወሎዎች ትዝታ ስንል ስሜቱን ብቻ አይደለም የምንጠራው፤ ቅኝትም ነው። ባቲና አምባሰል በካርታ ላይ ያሉ ቦታዎች ሆነው ሳለ የቅኝት ስም ናቸው። አንድ ድምፅ ከሰው ጋር የሚኖረው ከቦታ ጋር ሲጣበቅ እንደሆነ እኛ ከማንም በላይ እናውቃለን።

ስለ ካርዱ አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። በእ.ኤ.አ. 1991 የወጣው ጄኔራል ሚዲ የተባለው ደንብ ለ128 መሣሪያዎች ቁጥር ሰጥቷል። የሕንዱ ሲታር፣ የጃፓኑ ኮቶ፣ የስኮትላንዱ ባግፓይፕ፣ ካሊምባም ሳይቀር አለ፤ ክራር፣ መሲንቆና ዋሽንት የሉም። በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአንድ ወዳጄ ኮምፒዩተር ላይ ሳውንድ ካርድ ነበረና፣ በዚያ ባለ 15 ቀዳዳ ማስገቢያ በኩል በሚዲ ገመድ ኦርጋኔን አገናኝቼ አምባሰልን ለመቅዳት ሞከርኩ። ለክራር የወሰድኩት 106ኛውን፣ ባንጆውን ነው። በዚያ ካርድ ላይ ባንጆው ባንጆ አይመስልም፤ ቶሎ ተመትቶ ቶሎ የሚሞት፣ ብረት ብረት የሚል ድምፅ ነው፤ ለክራር ግን ከእውነተኛው ባንጆ ይልቅ የቀረበ ሆኖ አገኘሁት። የመሲንቆው ነገር ግን አልሆነልኝም። የኪቦርድ ቃናዎች እኩል እኩል የተከፈሉ ናቸው፤ መሲንቆ ተጫዋች በሁለት ቃና መካከል የሚያደርገውን መንሸራተት በጎን ባለው መዘውር ለማምጣት ብታገልም የአምባሰል ሁለተኛው ድምፅ፣ ያ ከመነሻው በግማሽ ብቻ ከፍ የሚለው፣ የሚገባውን ያህል አላለቀሰልኝም። ቢሆንም ያን ቀን የተቀዳው ፋይል ጥቂት ሺህ ፊደል የሚያህል ነበር፤ በአንዲት ፍሎፒ ላይ ከሌሎች ሃያ ዘፈኖች ጋር አብሮ ይገባል። ፍሎፒዋ ዛሬም አለችኝ።


ሐይቅ ዳር (ሐይቅ) መለሱ፦

ታላላቆቼ፣ የጻፋችሁትን በአክብሮት አንብቤዋለሁ። እኔ የሶፍትዌር ሠራተኛ ነኝ፤ ከእናንተ በዕድሜ አንሳለሁና በሐሳብ ብለይ አትቀየሙኝ።

ካርዱን መጠገን ደግ ነው፤ ድምፁን ለመስማት ግን ግዴታ አይመስለኝም። የያማሃው ቺፕ ሥራውን ሁሉ በቁጥር ይሠራል፤ በውስጡ የሩብ ሳይን ሞገድ 256 ቁጥሮች በሠንጠረዥ ተቀምጠውለታል፤ ማባዛትን እንኳ በሎጋሪዝም ወደ መደመር ቀይሮ ነው የሚያሰላው። ሰዎች ቺፑን ከፍተው በማይክሮስኮፕ ፎቶ አንሥተው፣ ሠንጠረዡን ቁጥር በቁጥር አንብበው በሶፍትዌር ጽፈውታል። ከእ.ኤ.አ. 2002 ጀምሮ ያለው ዶስቦክስ የተባለው፣ የድሮ ኮምፒዩተርን ከነሳውንድ ካርዱ የሚያስመስል ፕሮግራም በነፃ ይገኛል። ቺፕ ተቃጥሎ ያልቃል፤ በመገለባበጥ የሚቆይ ሶፍትዌር ግን አያልቅም። መለዋወጫ ከውጭ ለማስመጣት የሚያስፈልገውን ምንዛሪና ቀረጥ ስናስብ፣ ወጣቱ ወደዚህ ድምፅ እንዲቀርብ ከተፈለገ መንገዱ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ልዩነት ይቀራል ከተባለ፣ ሁለት ቦታ ላይ መሆኑን እቀበላለሁ። አንደኛ፣ ቺፑ ድምፁን የሚያወጣው በሴኮንድ 49,716 ጊዜ ሲሆን የዛሬ ኮምፒዩተር 44,100 ወይም 48,000 ስለሚጠቀም፣ ሶፍትዌሩ ወደዚያ ሲለውጠው በጣም ቀጫጭኖቹ ድምፆች በመጠኑ ይነካሉ። ሁለተኛ፣ ከቺፑ በኋላ ያለው ማጣሪያና ማጉያ በየካርዱ ይለያያል፤ ሹክሹክታውም፣ ጉርምርምታውም የሚመጣው ከዚያ ነው። ይህን ማንም በሙሉ አልገለበጠውም።

ስለዚህ ልመናዬ አንድ ነው። ካርዳችሁን በመደርደሪያ አትቆልፉበት፤ ያንኑ የሚዲ ፋይል በእያንዳንዱ ካርድ ላይ አጫውታችሁ በጥሩ መቅጃ ቅዱት፣ የቺፖቹን ጽሑፍም ፎቶ አንሡ። የወልዲያዋ እህታችን ፍሎፒም መግነጢሷ ሳይዳከም ዛሬ ነገ ሳይባል ትገልበጥ። ማንበቢያ ከጠፋ እኔ ዘንድ አለ።


የቦርከና ሰው (ኮምቦልቻ) መለሱ፦

የሐይቁ ወንድሜ፣ ስለ መቅዳቱ የተናገርከው ልክ ነው፤ ከመደርደሪያዬ እጀምራለሁ። በአንድ ነገር ብቻ አልስማማም። ሹክሹክታውንና ጉርምርምታውን እንደ ትርፍ ቆጠርከው፤ ለእኔ ግን የሚዲው ሙዚቃ ከመጀመሩ በፊት፣ ድምጽ ማጉያው ሲከፈት የሚሰማው ያ ቀጭን ሽውታ ነው ሥራ ቤቴን የሚያስታውሰኝ። ካሴትም ዘፈኑ ከመግባቱ በፊት ሽው ይላል፤ ያን ቆርጦ የጣለ ቅጂ ለእኔ ጎዶሎ ነው።


ከጦሳ ግርጌ (ደሴ) መለሱ፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት ካርዱን ነቅዬ ጥርሶቹን እንደተባልኩት በልጄ ላጲስ ጠረግኋቸው፤ ላጲሱ ጥቁር ሆኖ ወጣ፣ ጥርሶቹ አበሩ። ጎማዋን አርባ ጊዜ ያህል አሽከረከርኳት፤ መጀመሪያ ላይ አሸዋ የገባባት ያህል ትንገጫገጭ ነበር፣ በኋላ ለሰለሰች። ፓወር ሰፕላዩን ከጎረቤት በተዋስኩት ቀየርኩት። ዶሱን (የድሮውን የኮምፒዩተር ሥርዓት) አስነሥቼ ካርዱ ከኮምፒዩተሩ ጋር የሚገናኝባቸውን ቁጥሮች፣ አድራሻውን 220፣ ኢንተራፕቱን 5፣ ዲኤምኤውን 1 እና 5፣ ሚዲውን 330 ብዬ አስገባሁና መሞከሪያውን ፕሮግራም ከፈትኩ። ግራውም ቀኙም ተናገሩ። ጉርምርምታው ጠፍቷል፤ ሽውታው ግን አለ፣ የቦርከናው ወንድሜ እንዳሉት አልነካሁትም።

ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ ብላ ዝም ብላ ሰማች። የወልዲያዋን እህቴን ጽሑፍ አነበብኩላት። ጥቂት ቆየችና "የእነ እማማ ቤት ሰርግ ነው" አለች፤ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሁለታችንም የዚያን ሰርግ ኦርጋን ተጫዋች መልክ ለማስታወስ ስንሞክር አመሸን።

ለሐይቁ ወንድሜ፣ የሦስቱንም ካርዶች ድምፅ በሚቀጥለው ሳምንት ቀድቼ እልክልዎታለሁ። ለወልዲያዋ እህቴ ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ያቺ ፍሎፒ ተገልብጣ ሲያበቃ የአምባሰሉን ፋይል በዚህ ካርድ ላይ፣ ከነባንጆው፣ ማጫወት እፈልጋለሁ። የሚዲው ገመድም ካለዎት ከፍሎፒዋ ጋር በመናኸሪያ በኩል በሹፌር እጅ ቢልኩልኝ፣ ደሴ ስትደርስ እኔው ራሴ ቆሜ እቀበላታለሁ፤ ወደ ሐይቅም ይዤያት የምሄደው እኔው ነኝ።